አምስት ዋት

ጆሮ እንደ ባንክ ሒሳብ አይደምርም። ሃምሳ ዋት ያለው የጊታር አምፕሊፋየር አምስት ዋት ካለው አሥር እጥፍ ይጮኻል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። የጆሯችን ተፈጥሮ ግን ሌላ ነው። ጉልበቱ አሥር ጊዜ ሲበዛ ለእኛ የሚሰማን በግምት ሁለት እጥፍ ነው፤ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ በመሆኑ ልብ ብሎ ያላዳመጠ ላያስተውለው ይችላል። እንግዲህ 5 ዋት ማለት የ50 ዋት ግማሽ ጩኸት ነው። ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ ሰውና ለአንድ ቀጭን ግድግዳ ይህ ትንሽ አይደለም። እንዲያውም ይበዛል።

ቀን ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ስንኝ እቋጥራለሁ፣ ጊታር እነካካለሁ። በግጥሙም በጊታሩም ሊቅ አይደለሁም። ያለችኝ አምፕሊፋየር ኤፒፎን ቫልቭ ጁኒየር ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ኪሱ ለሳሳ ሰው ታስባ ገበያ የወጣች ትንሽ ሣጥን ናት። ከአሜሪካ የመጣ ዘመዴ ያገለገለች አግኝቶ በልብስ መካከል ሸጉጦ አመጣልኝ። ባለ 8 ኢንች ስፒከር፣ ሁለት ቲዩብ፣ ፊቷ ላይ አንድ ማዞሪያ። በቃ። ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ ላመጣጥን የሚል ሰው ሌላ ቁልፍ ፈልጎ አያገኝም። እኔ ይህ ድህነቷ ደስ ይለኛል፤ ምርጫ ሲበዛ ሰው ጊታሩን ትቶ ቁልፍ ሲያዞር ያመሻል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ስለሆነች የለመደችው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220። ስለዚህ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከመግዛቴ በፊት ለአንድ ሽማግሌ ራዲዮ ጠጋኝ አሳየኋት። ጎንበስ ብለው በጀርባዋ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከቱና መነጽራቸውን አስተካክለው፣ “ይቺማ ራዲዮ ናት” አሉ። ቀልድ አልነበረም። ከሁለቱ ቲዩቦች ትልቋ ኢ.ኤል. 84 ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአውሮፓ በተሠሩ ብዙ የሳሎን ራዲዮኖች ውስጥ ድምፁን ወደ ስፒከር የምታወጣው ይህችው ነበረች። ትንሿን አሜሪካኖች 12 ኤ.ኤክስ. 7፣ አውሮፓውያን ኢ.ሲ.ሲ. 83 ይሏታል፤ ስሟ ሁለት ነው እንጂ ዕቃዋ አንድ ነው። ሽማግሌው በእጃቸው ያለፉትን ራዲዮኖች ስም እየጠሩ ጥቂት ቆዩና አንድ ምክር ሰጡኝ፦ “ከሶኬት ነቅለኻት እንኳ ውስጧን እንዳትነካ፤ ተነቅላም ትናከሳለች።” እውነታቸውን ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች አሉባት፤ እነሱም ከጠፋች በኋላ ያንን ጉልበት ይዘው ይቆያሉ። ሌላውን ምክር ቆይቶ ከመጽሐፍ አገኘሁት፤ የቲዩብ አምፕሊፋየር ስፒከሩ ሳይገናኝ ሊከፈት አይገባም፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ቲዩብ ምንድን ነው ለሚል፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። በመካከሉ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮኖች ከገላው ይተናሉ፤ ዙሪያውን የቆመው ሌላ ብረት ወደ ራሱ ይስባቸዋል፤ በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ስስ የሽቦ ወንፊት ደግሞ እንደ በር ዘበኛ ይህን ያህል እለፉ፣ ይህን ያህል ቁሙ ይላል። ለዘበኛው ትእዛዝ የሚሰጠው የጊታሩ ክር ነው። ክሩን በዝግታ ስነካው ሁሉም በሥርዓት ያልፋል። ጠንከር አድርጌ ስመታው ግን ብልቃጧ ከአቅሟ በላይ ትጠየቃለች፤ ያን ጊዜ የድምፁ ጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፣ ቀስ በቀስ ይለዝባል፣ ይጨመቃል። እንደ እኔዋ ባለች፣ አንዲት ቲዩብ ብቻዋን ሸክሙን በምትሸከምባት ሣጥን ደግሞ ከተመታው ድምፅ በላይ፣ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ፣ ሌላ ስስ ድምፅ ጎልቶ ይታከላል። ሰዎች “የቲዩብ ሙቀት” የሚሉት በአመዛኙ ይኸው ነው። መልካሙ ቃና ያለው አቅሟ በሚያልቅበት ድንበር ላይ ነው። ባለ 50 ዋቱን እዚያ ድንበር ላይ ለማድረስ ሰፈሩን መቀስቀስ ያስፈልጋል፤ ትንሿ ግን ቶሎ ትደርሳለች።

ይህን ሻካራ ድምፅ ለምን እንደምፈልገው ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆንብኛል። አባቴ በገና ይደረድር ነበር። በበገና ብርኩማ ላይ፣ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ እንዚራዋን እየነካ ያንን የሚያጉረመርም፣ የሚነዝር ድምፅ ያወጣል። እንዚራው ቢወጣ በገናው ንጹሕ ይሆናል፤ ግን በገና አይሆንም። አባቴ ከደርደራው ይልቅ እንዚራ ሲያስተካክል የሚያጠፋው ጊዜ ይበልጥ ነበር፤ አሥሩንም አውታር እያንዳንዱን በጥፍር ታክል እያንቀሳቀሰ፣ ጆሮውን አስጠግቶ። ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። በገናው እህቴ ዘንድ ተሰቅሏል፤ እኔ መደርደር አልተማርኩም፣ ድምፁም በካሴት አልተቀረጸም። ለመንፈሳዊው መሣሪያ ክብር ይግባውና፣ ከጊታር ያንን ድምፅ አገኛለሁ አልልም። የምፈልገው ያንን ነዘርታ ነው፤ ድምፅ ሲወለድ ትንሽ የሚታገልበትን።

ታዲያ የእኔም ሥራ እንደ እንዚራ ጥፍር ታክል የምትንቀሳቀስ ነው። የአምፕሊፋየሩን ማዞሪያ ከግማሽ አሳልፌ እተወዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አልነካውም። የቀረውን የምገዛው በጊታሩ ላይ ባለው ቁልፍ ነው። እሱን ስቀንሰው ድምፁ ዝቅ ብቻ ሳይሆን ጥርትም ይላል፤ ስጨምረው ማጉረምረሙ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል፣ በአውራ ጣት ሲመታ ጥርት ብሎ በጥፍር ሲመታ የሚሻክርበት አንድ ቦታ አለ። ከዚያ ወዲያ መሣሪያው እጄ ነው።

ሣጥኗን ከማዕዘን አርቄ ወንበር ላይ አወጣኋት። ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጠዋል፣ ወለልም እንዲሁ። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ከስፒከር ቀጥ ብሎ እንደ ባትሪ ብርሃን ነው የሚወጣው፤ ሣጥኗ ወለል ላይ ስትሆን የሚሰማው ቁርጭምጭሚት ነው እንጂ ጆሮ አይደለም። ከኋላዬ የቆመው የጥጥ ፍራሽ የተረፈውን ይውጠዋል። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አላወጣሁም።

ገንዘብ ያለው ሰው ስፒከር ይለውጥ እላለሁ፤ ከቲዩብ መለዋወጥ ይልቅ ልዩነቱን ያኔ ይሰማዋል። በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር የአምፕሊፋየሩን ጉልበት በእጥፍ እንደማሳደግ ነው፤ ባለ 12 ኢንቹ ደግሞ ትንሹ የማያወጣውን ወፍራም ድምፅ ያወጣል። የእኔ ችግር ግን ጉልበት ማጣት ስላልሆነ አልገዛሁም።

ለትንንሽ ሣጥን ንቀት ያለው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ኤሪክ ክላፕተንና ዱዌን ኦልማን ማያሚ ስቱዲዮ ገብተው “ሌይላ” የተባለውን አልበም ሲቀርጹ ፌንደር ቻምፕ በተባሉ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች መጫወታቸውን ያስታውስ። ማይክሮፎን የሣጥኑን ቁመት አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ትንሿ አትችልም። ድንበሯ ላይ ቆማ ሦስት አራት ድምፅ ባንድነት ሲጫንባት ታምታታለች፤ ድምፆቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ያልተመቱ ሌሎች ድምፆች ይወልዳሉ። ኮርድ መምታት ለሚወድ ይህ ቅጣት ነው። ለትዝታ ግን ምንም አይደለም። ትዝታ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ከድምፅ እየተከተለ የሚሄድ ዜማ ነው፤ ለአንዲት ቲዩብ የሚበዛ ሸክም የለውም።

ከግድግዳው ወዲያ አከራዬ አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ እንቅልፋቸው ስስ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ድምፅ እንዳይሰማ ቤቱን ሲያከራዩኝ ነግረውኛል። ከሥራ ገብቼ ራት እስክበላ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ያለችኝ አንዲት ሰዓት ናት፤ እሷም በእሳቸው ፈቃድ ላይ የቆመች። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ቆረቆሩ። “ልጄ፣ ራዲዮውን ትንሽ ቀንሰው።” ቀነስኩት። ራዲዮ አለመሆኑን እስከዛሬ አልነገርኳቸውም፤ ጠጋኙ ሽማግሌም ራዲዮ ነው ብለዋልና ልከራከር አልወደድኩም። ሦስተኛ ቁርቆራ አልመጣም።

ባለፈው ማክሰኞ ትዝታ ላይ ሳለሁ መብራት ሄደ። እንዲህ ያለች ሣጥን መብራት ሲሄድ ወዲያው አትሞትም፤ የጋለው ብረት ገና አልቀዘቀዘም፣ ካፓሲተሮቹም ያጠራቀሙት ጥቂት ይቀራቸዋል። የመታሁት ክር በጨለማው ውስጥ እየሳሳ፣ እየሻከረ፣ እየነዘረ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆየ። እንደዚያች ቅጽበት ወደ አባቴ በገና የቀረበ ድምፅ ከዚያች ሣጥን ወጥቶ አያውቅም። እጄን ክሩ ላይ እንዳደረግሁ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከግድግዳው ወዲያ የአከራዬ ድምፅ መጣ።

“ልጄ፣ ራዲዮው በባትሪም ይሠራል እንዴ?”