ሜዳው ያንተ ባይሆንስ?

እናንተዬ፣ እኛ የአቃቂ ልጆች ጭቃ እናውቃለን። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር መሬታችን ጫማ ይዞ ያስቀራል። ጋዜጠኝነት ተመርቀን ሥራ ፍለጋ መሀል ከተማ ስንወጣ፣ ከኛ ቀድሞ ጫማችን «ከቃሊቲ ማዶ ነን» ብሎ ይናገራል። ባለፈው አንዱ ቢሮ በር ላይ ግማሽ ቀን ጠብቀን «ቦታው ተይዟል» ተባልን። «ሜዳው የኛ አይደለም» እያልን ስንመለስ ነው ፌደረር ትዝ ያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፓሪሱ ሮላን ጋሮስ የቴኒስ ሜዳ ላዩ የተፈጨ ቀይ ሸክላ ነው። የኳሷን ፍጥነት ይቀንስና ከፍ አድርጎ ያነጥራታል። ግራኙ ናዳል አሹሮ ሲመታት ደግሞ ፌደረር በአንድ እጁ በሚመልስበት ጎን ትከሻው ድረስ ትዘላለች። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 በየዓመቱ እዚያ ተገናኙ፤ አራቱንም ናዳል አሸነፈ። የ2008ቱ ፍጻሜማ 6ለ1፣ 6ለ3፣ 6ለ0!

ሰውዬው ግን በ2009 ተመልሶ መጣ። ናዳልን ሶደርሊንግ በአራተኛው ዙር አሰናበተው። ፌደረር ፍጻሜው ላይ ሶደርሊንግን ረቶ ዋንጫውን ወሰደ። በ2011ም በ2019ም እዚያው ለናዳል ተሸንፏል። ስድስት ለባዶ መሆኑ ነው፤ ዋንጫው ግን ቤቱ አለ።

«ዕድል ነው!» ትላለች ከመሀላችን የናዳል ደጋፊዋ። ይሁን። ዕድሉ ሲመጣ ግን ሰውዬው እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር።

እኛም ነገ ሌላ ቀጠሮ አለን። ጫማችንን ታክሲ ውስጥ የምንጠርግበት ጨርቅ ይዘናል።