የእኛማ ገና ነው

በፍሎሪዳ፣ በኦርላንዶ አቅራቢያ ወደሚገኘው ማጂክ ኪንግደም የሚጎርፈው ሕዝብ የሚመላለሰው በትምህርት ቤቶች የዕረፍት ጊዜ ነው፤ ተማሪ ሲፈታ ይሞላል፣ ተማሪ ሲመለስ ይጎድላል። እኛ ስደተኞች ሌላ የዘመን አቆጣጠር በልባችን ይዘን የምንኖር ነንና ይህ ልዩነት አንዳንዴ ይበጀናል። የፈረንጆቹ ልደት ሲከበር እኛ በነቢያት ጾም ላይ ነን፤ የእኛ ሲደርስ፣ በጃንዋሪ 7፣ እነርሱ ጌጡን አውርደው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

ባለቤቴ «በዓሉን እዚያው እናክብረው» አለች። ከጊዜም ከኪስም አንጻር ሐሳቧ የሚናቅ አልነበረም፤ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ሰልፍ የሚበላው ሰዓት ደመወዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ነጻ የወረፋ ማስያዣ፣ ፋስትፓስ፣ ቀርቶ በ2021 ክፍያ በሚጠይቅ ተተክቷል። ኪሱ ለሳሳ የቀረው መላ በሩ ሳይከፈት ማልዶ መድረስ ነው።

እኔ ግን አልተስማማሁም። ልጆቻችን ከአገራቸው ገና የቀራቸው የቅዳሴው ሌሊትና የእናታቸው ዶሮ ወጥ ነው፤ እርሱንም ለአጭር ሰልፍ ብለን ከለወጥነው ለከርሞ የሚጠይቀን ልጅ አይኖርም። ስለዚህ በዓሉን ቤታችን አከበርን። በዚያ ሰሞን የሚካሄደው የማራቶን ሩጫ ካለፈ በኋላ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ዕለትም ከመድረሱ በፊት፣ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቀን በአንድ ማክሰኞ ማለዳ ገባን። ጾሙ ተፈትቷልና ልጆቹ ያማራቸውን በሉ።

ታናሿ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ «ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?» አለችኝ።

«በዓላቸው አልቆ ነው።»

«የእኛስ?»

«የእኛማ ገና ነው» አልኋት።