ከጁጃ መንገድ ማዶ ያለው ቡድን

ዘንድሮ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለወላጆች ኮሚቴ አንድ ማመልከቻ አስገብተዋል። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ ማልያ፣ ሁለት ኳስ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚጫወቱበት ሜዳ። ማመልከቻው በንጹሕ አማርኛ የተጻፈ ነበር። ከሥሩ ሃያ ሦስት ስም ተፈርሞበታል፤ ከነዚህ ውስጥ ሰባቱ የሴቶች ስም ነው።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ብዙ ተወራበት። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ያሉ ነበሩ። ፈተና እየቀረበ ኳስ ምን ይሠራል ያሉም አልጠፉም። ከሁሉ ይልቅ ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን አንድ አባት በጣም በትሕትና የተናገሩት ነው፦ «እኛ እዚህ ለጊዜው ነን። ዛሬ ቡድን ብናቋቁም ግማሾቹ ልጆች በሚቀጥለው ዓመት የሉም። ለማን ነው የምንደክመው?» ማንም አልመለሰላቸውም። እውነት አላቸውና። አምና ከስድስተኛ ክፍል ብቻ አራት ልጆች ትምህርት ሳይዘጋ ሄደዋል፤ ሁለቱ ወደ ካናዳ፣ አንዷ ወደ አውስትራሊያ፣ አንዱ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ።

እኔ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ስለ ኳስ የማውቀው በሱቄ በኩል ነው። ሱቄ ኢስሊ ውስጥ፣ ከጁጃ መንገድ ብዙም የማይርቅ በመሆኑ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የማታሬ ሰዎች ናቸው። ከመንገዱ ወዲህ ኢስሊ ነው፤ ወዲያ ማታሬ። ልጆቻችንን «መንገዱን እንዳትሻገሩ» እያልን ነው የምናሳድጋቸው። እኒያ አባት ለጠየቁት ጥያቄ ግን መልሱ ያለው ከመንገዱ ማዶ ይመስለኛል። ስለዚህ በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ የዚያን ሰፈር የኳስ ማኅበር ታሪክ ልነግራችሁ ወደድሁ።

ማታሬ ከናይሮቢ መሀል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሰሜን ምሥራቅ በኩል የሚገኝ ሸለቆ ነው። ቀድሞ ድንጋይ ይፈለጥበት ነበር። ዛሬ ቆርቆሮ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳሉ። አብዛኛው ነዋሪ የቆመበት መሬት የራሱ አይደለም፤ ነገ ተነሡ ቢባል የሚያሳየው ካርታ የለውም። «ለጊዜው ነን» የሚለውን ቃል ከእኛ በፊት የማታሬ ሰዎች ያውቁታል ማለት ነው።

በዚያ ሸለቆ ልጆች ፌስታል በፌስታል ላይ እየጠቀለሉ በሲባጎ አጥብቀው ያስሩና ኳስ ይሠራሉ። ፌስታል በስዋሂሊ «ጁዋላ» ስለሚባል ኳሱም በዚያው ስም ይጠራል። የእኛ አገር የካልሲ ኳስ ወንድም ነው። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ያልተጫወተ አባት በዚህ ግቢ ካለ እጁን ያውጣ።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ቦብ መንሮ የተባለ ካናዳዊ በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ ሆኖ ናይሮቢ ይኖር ነበር። ማታሬ ውስጥ በጁዋላ የሚጫወቱትን ልጆች አየ። ልጆቹ የፈለጉት እናንተ የፈለጋችሁትን ነው፦ እውነተኛ ኳስ፣ ዳኛ፣ በሥርዓት የሚካሄድ ውድድር። እርሱም ኳሱን ሰጥቷቸው አልሄደም። እናንተ አንድ ነገር ከሠራችሁ እኔም እሠራለሁ፤ ካልሠራችሁ እኔም አልሠራም የሚል ውል አቀረበላቸው። በዚህ ውል ላይ የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር ተመሠረተ። በእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው ሁሉም ሰው «ማይሳ» ይለዋል።

ታዲያ ልጆቹ ምን ሊሠሩ ይችላሉ? ገንዘብ የላቸውም። እጅ ግን አላቸው። ማታሬ ውስጥ ደግሞ ሁሉም የሚያየውና ማንም የማያነሣው ነገር ነበረ፤ እርሱም ቆሻሻ ነው። የከተማው የቆሻሻ መኪና በእነዚያ ጠባብ መንገዶች አይገባም ነበር። ቆሻሻው ሜዳውን ይሞላል፣ የውኃ መውረጃ ቦዩን ይደፍናል። ዝናብ ሲጥል ውኃው መሄጃ አጥቶ ቤት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚታመሙት ሕፃናት ናቸው፤ ማለትም የተጫዋቾቹ ታናናሾች።

ማይሳ በዚህ ላይ አንድ ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ቡድን በየተራው ወጥቶ ሰፈሩን ያጸዳል፤ ለአንድ የጽዳት ሥራ በውድድሩ ሰንጠረዥ ላይ 6 ነጥብ ይያዝለታል። አስቡት፤ ዛሬ አንድ ግጥሚያ ያሸነፈ ቡድን የሚያገኘው 3 ነጥብ ነው። አካፋ ይዞ መውጣት ሁለት ጊዜ ከማሸነፍ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። በሜዳ ላይ ማንም የማይደርስበት ቡድን፣ በጽዳቱ ቀን ከቀረ፣ ከእርሱ ደካማ በሆነው ቡድን ይቀደማል። ከደንበኞቼ አንዱ በልጅነቱ በዚህ ውድድር የተጫወተ ነው። ዛሬ ልጆች ወልዷል፤ የቡድናቸውን የግብ ብዛት ረስቶታል። ያጸዱትን ቦይ ግን እስከ ዛሬ በጣቱ ያሳየኛል።

ሌሎቹም ሕጎች እንዲሁ ናቸው። ከዳኛ ጋር የሚነጋገረው አምበሉ ብቻ ነው። ሌላ ተጫዋች ዳኛ ላይ ከጮኸ ከሜዳ ይወጣል፤ እንደገና ለመሰለፍም የታናናሾቹን ግጥሚያ በዳኝነት መምራት አለበት። ቅጣቱ ራሱ ትምህርት ነው፤ ፊሽካ ይዞ በሁለት ወገን የተሰደበ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አፉን ይጠብቃል። ከቢጫና ከቀይ ካርድ ሌላ ደግሞ አረንጓዴ ካርድ አላቸው። ዳኛው በጨዋነት ለተጫወተ ልጅ ያወጣለታል። ኳስ ሜዳ ላይ ካርድ ሁልጊዜ የጥፋት ምልክት ነው ብለን ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በጎ ሥራ የሚሠሩ፣ ታናናሾችን የሚያሠለጥኑ፣ በጽዳት የሚወጡ ወጣቶች ነጥብ ይጠራቀምላቸዋል፤ ብዙ ያጠራቀሙት የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፈልላቸዋል። ፈተናና ኳስ ይጣላሉ ብለን ለምንሰጋ ወላጆች ይህን ደግሜ መጻፍ እወዳለሁ፤ የማታሬ ልጆች በኳስ በኩል ትምህርታቸውን ከፍለዋል።

እስከ 1992 ድረስ በማይሳ የሚጫወቱት ወንዶች ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት የሴቶች ውድድር ተጀመረ። ቀላል አልነበረም። በማታሬ ቤት የምታጥበው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ሕፃን የምታዝለው ሴት ልጅ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ኳስ ልጫወት ብትል «ሥራውን ማን ሊሠራው?» ትባላለች። እናቶች፣ ይህ ጥያቄ በእኛ ቤትም አለ፤ አማርኛም ይናገራል። በማመልከቻው ላይ የፈረሙት ሰባት ልጃገረዶች ይህን ሳያውቁ የፈረሙ አይመስለኝም።

ማኅበሩን ቀን በቀን የሚያንቀሳቅሱት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። ሰፈሩ በቀጠና ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ቀጠና የራሱን ኮሚቴ ይመርጣል። የግጥሚያ መርሐ ግብር የሚያወጡት፣ ዳኛ የሚመድቡት፣ ክርክር የሚሰሙት እነርሱ ናቸው። በዚህ አካሄድ ጥቂት ሰፈሮች ውስጥ የተጀመረው ውድድር እያደገ ሄዶ ከሺህ በላይ የልጆች ቡድኖች የሚሳተፉበት ሆነ። በ1992 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ለጽዳት ሥራቸው «ግሎባል 500» የተባለውን ሽልማት ሰጣቸው፤ በ2003 ደግሞ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጭተዋል።

«ለመሆኑ ኳሱንስ ቻሉት?» የሚል ተማሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ችለውታል። በ1994 ከእነዚህ ልጆች መካከል የጎለመሱት ማታሬ ዩናይትድ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ቡድኑ በ1998 የኬንያን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አነሣ። በ2008 የኬንያ ፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ኬንያውያን ዛሬም ስሙን የሚያነሡት አጥቂ ዴኒስ ኦሊች ወደ ፈረንሳይ ክለቦች ከመሻገሩ በፊት የማታሬ ዩናይትድ ተጫዋች ነበር። በጁዋላ ከተጀመረ ነገር ይህ ሁሉ ወጣ። ዋናው ቡድን ሲቋቋምም ውሉ አልተለወጠም፤ ዋንጫ የሚያነሡት ተጫዋቾች ራሳቸው ለሰፈሩ የሚሠሩት ሥራ ነበረባቸው።

አሁን ወደ እኒያ አባት ጥያቄ ልመለስ። ለማን ነው የምንደክመው?

ማይሳ ከ1987 ጀምሮ ሲኖር አንድም ልጅ በዚያው አልቆየም። ልጅ ያድጋል፤ ከአሥራ አራት ዓመት በታች የነበረው አሥራ ስድስት ይሞላዋል፤ ቤተሰቡ ኪራይ አቅቶት ሰፈር ይለውጣል፤ ሥራ ያገኛል፤ ይሄዳል። የማንኛውም ሰፈር ቡድን ተጫዋቾች ሁልጊዜ ሂያጆች ናቸው። ቡድኑ የቆመው ልጆቹ ስለቆዩ አይደለም። የሚሄደው ለሚመጣው እያሳየ ስለሄደ ነው። ትልቁ ልጅ ለታናሹ ዳኛ ሆነ፤ ታናሹ አደገና ለሌላው አሠልጣኝ ሆነ። ቦዩን ያጸዱት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ ማን ያውቃል? ውኃው ግን በቦዩ ወርዷል፤ በዚያ ክረምት ያልታመመ ሕፃንም አለ።

እኛ አበሾች «ለጊዜው ነን» ስንል ብዙ ነገር ለነገ እናስቀምጣለን። ግድግዳ አንቀባም፣ ከጎረቤት ጋር አንተዋወቅም፣ የሰፈሩን ቋንቋ ለገበያ የሚበቃውን ያህል ብቻ እንማራለን። ወረቀት ሲመጣ እንኖራለን እንላለን። እኔ ራሴ ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ልጄ የተወለደችው እዚህ ነው። ለእርሷ ይህ «ለጊዜው» የተባለው ነገር ልጅነቷ ነው፤ ሌላ ልጅነት በፖስታ አይመጣላትም። ኳስ መጫወት ካለባት መጫወት ያለባት ዘንድሮ ነው።

ስለዚህ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ያቀረብሁትን ሐሳብ ለሁላችሁም ይድረስ ብዬ እዚህ ልጻፈው።

አንደኛ፣ ቡድኑ ይቋቋም፤ ማልያው ግን ይቆይ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ለሜዳ ይበቃል፤ የጎደለው ቆሻሻው መነሣቱ ነው። ባለቤቱን ጠይቀናል፤ ካጸዳችሁት ቅዳሜ ቅዳሜ ተጫወቱበት ብለዋል። በክፍሎች መካከል በሚደረገው ውድድር ለጽዳት የወጣ ክፍል እንደ ማታሬዎቹ ነጥብ ይያዝለት።

ሁለተኛ፣ ሰባቱ ልጃገረዶች የራሳቸው ሰዓት ይኑራቸው፤ ወንዶቹ ሲደክማቸው የሚሰጣቸው ትርፍ ሰዓት አይሁን።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የስምንተኛ ክፍል ተጫዋች አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይያዝ። ስሙን ይወቅ፤ ኳስ መቆጣጠርና ጫማ ማሰርም ያሳየው። ሲሄድም ተራውን ያስረክበው።

አራተኛ፣ አንድ ደብተር ይገዛ። የተጫወተ ሁሉ ስሙ፣ ዓመቱና ያጸዳበት ቀን ይጻፍበት። ከሄዱም በኋላ ማንም ስማቸውን አይሰርዝ። ካናዳ የገባው ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ ለጉብኝት ቢመጣ፣ ደብተሩን ገልጦ ራሱን የሚያገኝበት ገጽ ይኑረው።

እነዚያ አባት ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «አካፋ እኔ አመጣለሁ» አሉ። ሥራቸው ግንባታ ላይ ነው፤ ሦስት አካፋና ሁለት ጋሪ እናገኛለን ማለት ነው። ሌሎች ወላጆች ደግሞ ጆንያና የእጅ ጓንት ቃል ገብተዋል። ሻይና ዳቦ በእኔ ነው። መምህራኖቻችን ከውድድሩ ዳኞች ሁለቱን ከስምንተኛ ክፍል ራሳቸው እንደሚያሠለጥኑ ነግረውናል። ያ በማታሬ የተጫወተው ደንበኛዬም አንድ ቅዳሜ መጥቶ የአረንጓዴውን ካርድ ነገር ሊያስረዳችሁ ፈቃደኛ ነው።

ልጆች፣ ማመልከቻችሁ ተቀባይነት አግኝቷል። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እንገናኝ። አሮጌ ልብስ ልበሱ። ኳሱ ከጽዳቱ በኋላ ይመጣል።