24 ሰዓት መጠበቅ

መኪናዋ ጠዋት ከቆመችበት ስትነሳ መሬቱ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ጥቁር ነጠብጣብ ትታ ትሄዳለች። መምህሩ ሁለት ሳምንት ያህል አይቶ እንዳላየ አለፈው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ኩርባ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ አለበት።

ሰውየው ቀን ፊዚክስ ያስተምራል፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ በአሮጌ ያሪሱ ተሳፋሪ ያመላልሳል። የመምህር ደመወዝ ነገር የታወቀ ነው፤ የቤት ኪራዩን የምትከፍለው መኪናዋ ናት። ሞተሯ ቢነክስስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከዚያ በፊት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። «በኤሌክትሪክ ቀይሩ» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። የእሱ ዓይነቱ ሰው ግን ያለችውን አስታሞ ከመንዳት ሌላ ምርጫ የለውም።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። ሰፈር ውስጥ ከኮብልስቶኑ ተነቅሎ የወጣ ድንጋይ የሞተሩን ሆድ መታው። ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ መካኒኮች ኮፓ የሚሉት፣ ጠርዙ ተጣመመ። አንድ ጋራዥ ወሰዳት፤ ወረደ፣ ተቀጠቀጠ፣ ሲሊኮን ተቀባ፣ ዘይት ተሞላ። በአንድ ሰዓት! መምህሩ በፍጥነቱ ተደስቶ ለልጆቹ የሻይ ጨምሮ ወጣ።

አሁን ራሱ ሊሠራው ቆረጠ። ጎረቤቱ ያሉ ጡረተኛ መካኒክ ክሪክ ይዞ ሲወርድ አይተው ተቆጡ። «ልጄ፣ በክሪክ ብቻ ከመኪና ሥር አይገባም። ሰው ይበላል!» ሁለት የብረት መደገፊያ አዋሱት፤ የኋላ ጎማዎቹንም በድንጋይ አስያዙት።

መፍታቱ እንደፈራው አልነበረም። ዘይቱን በአሮጌ ጄሪካን ተቀበለ። ከዚያ ዘጠኝ ብሎንና ሁለት ዳዶ፣ ሁሉም በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈቱ። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይህ ኮፓ በሲሊኮን የተጣበቀ ስለሆነ ብሎኑ ቢወጣም አይወርድም። በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውረድ ያጓጓል፤ ግን ከላይ ያለው አካል አልሙኒየም ነው፣ አንዴ ከተጫረ ሁልጊዜ ያፈሳል። ስለዚህ ቀጭን ቢላዋ እያስገባ፣ ቀስ እያለ በመዶሻ እየነካካ ዞረው።

ሲወርድ ጉዱ ታየ። ዘይት የሚስበው ቱቦ አፍ ላይ ያለው ወንፊት ትል በሚመስሉ የሲሊኮን ቁርጥራጮች ግማሽ በግማሽ ተደፍኗል። በብዛት የተቀባው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ተቆርጦ ወድቆ፣ ፓምፑ ሲስበው ወንፊቱ ላይ ተሰብስቧል። የፈሳሽ ግፊትን ለዓመታት በጠመኔ ያስተማረ ሰው መብራቱ ለምን እንደበራ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የዘይቱ መንጠባጠብ ትንሹ ችግር ነበር።

ወንፊቱን አጠበ። የአሮጌውን ሲሊኮን ርዝራዥ ከሁለቱም ፊት በፕላስቲክ ፋቀ፤ ለዚህ ብቻ ሁለት ሰዓት ሄደ። የተጣመመውን ጠርዝ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አድርጎ አቃና። አዲሱን ሲሊኮን ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር በሚሆን መስመር፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን በውስጥ በኩል እያለፈ ቀባ። ሳይደርቅ ቶሎ ገጠመው፤ ብሎኖቹን ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ አጠበቀ። የሚያስፈልገው ኃይል 9 ኒውተን ሜትር ነው፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 9 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። የጉልበተኛ ሥራ አይደለም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ጨረሰ። የሲሊኮኑ ቱቦ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ 24 ሰዓት ይፈልጋል ተብሎ ተጽፏል። የሳምንቱ ዋና ገቢ የቅዳሜ ማታ ነው። ስልኩ ይጮኻል፣ ደንበኞች ይፈልጉታል። ዘይቱ ተገዝቶ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ማታ ላይ ብሞላውስ?» አላቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። «እኛም እኮ እናውቀው ነበር። ደንበኛው ‹ቶሎ በሉ› ይላል፣ ባለጋራዡ ለሌላ መኪና ቦታውን ይፈልገዋል። ‹ነገ ተመለስ› ብንለው ሌላ ጋራዥ ይሄዳል።»

መምህሩ ዝም አለ። በዚያ ሰሞን ለፍጥነት ብሎ የሰጠው የሻይ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ጋራዡ ከጥፋቱ ነፃ አይደለም፤ ወንፊቱን የደፈነው የእነሱ እጅ ነው። ግን የተከፈላቸው ለቸኮሉበት ነበር።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ቤት ገባ። የዚያን ማታ ገቢ ቀረ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን አዲስ ፊልትሮ ገጥሞ 3.7 ሊትር ገደማ ዘይት ሞላ። ሞተሩ ተነሳ፤ ቀዩ መብራት ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ ቢደፋው ዝናብ ወንዝ ያስገባዋል፣ ስለዚህ ጄሪካኑን ጥበቃው አጥር እንጨቱን ከምስጥ ሊቀባበት ወሰደው። ከሞተሩ ሥር ካርቶን ዘርግቶ አደረ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ተንበርክኮ ካርቶኑን አወጣው። ደረቅ ነበር። አጥፎ የኋላ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ለማክሰኞም ይፈልገዋል።