ስለ ሶቆጥራ ዐውሎ ነፋስና ስለ ቆቦ ማሽላ

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት የተነሣው ክርክር፣ ጠበሉ ከተቀመሰ ዳቦውም ከተቈረሰ በኋላ እንኳ ሳይበርድ እስከ ደጀ ሰላሙ ስለ ተከተለን፣ በዚያ የነበራችሁም «አንተ ምነው ዝም አልህ?» ብላችሁ ስለ ወቀሳችሁኝ፣ በዚያ ያልተናገርሁትን እዚህ ልናገር። የነገሩ መነሻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረው የስልክ ሥዕል ነው፤ ያ ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ የሚመስለው፣ ግንዱ ሲበጣ እንደ ደም የቀላ ሙጫ የሚያፈሰው የሶቆጥራ ዛፍ፣ ሥሩ ተመንግሎ በቋጥኝ ላይ ተደፍቶ ይታያል። መሐንዲሱ ወንድማችን «የአየር ንብረት ለውጥ የጣለው ነው» ቢል፣ የኔታ «ልጄ፣ ባሕርንና ነፋስን የሚያዝ አንድ እርሱ ነው» አሉት። እርሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ «የኔታ፣ እውነት ነው፤ ጭሱን ያጨስነው ግን እኛ ነን» ቢላቸው፣ «እኔ ከጥናው ጭስ በቀር ያጨስሁት የለም!» ብለው ሰንበቴውን ሁሉ አሳቁት።

እኔም ስቄአለሁ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ቃላቸው ከልቤ አልወጣ አለ፤ የሶቆጥራም ሰው ከዕጣኑ ጭስና ከምድጃው ጢስ ሌላ ያጨሰው እጅግ ጥቂት ነውና።

ሶቆጥራ ምንም እንኳ በመንግሥት የየመን ብትሆን፣ ለእኛ ባዕድ አገር አይደለችም። ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ወደ ምሥራቅ ብትርቅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የነዋሪዎቿም ቋንቋ ከግእዛችን ጋር ከሴም ልሳናት ወገን የሚቈጠር ነው። ሆቅ በሚባለው ጥልቅ ዋሻዋ ውስጥ፣ የህንድና የደቡብ ዓረብ የግሪክም መንገደኞች በጥንት ዘመን በተዉት ጽሕፈት መካከል፣ በባሕር የመጡ የአክሱም ሰዎች በግእዝ ፊደል የጻፉት ይገኛል። አባቶቻችን ዕጣንና እሬት የሚበቅልባትን ይህችን ደሴት ያውቋት ነበር ማለት ነው። በምድሯ ከሚበቅሉት 825 ያህል የዕፅ ዓይነቶች ከሦስት አንዱ በላይ በሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኝ ስለ ሆነ፣ በዚያ ምድር አንድ ዛፍ ሲወድቅ የሚጐድለው የአንድ ደሴት ሀብት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት 21 ቀን፣ በእመቤታችን ዕለት፣ ቻፓላ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጠረፍ አጠገብ እያገሣ አለፈ፤ ሕዝቡ የፈረሰውን ጣራ ገና ሳያነሣ፣ በሳምንቱ በአማኑኤል ዕለት፣ ሜግ የተባለው ሁለተኛው በቀጥታ መጣባት። በሜግ ብቻ 18 ነፍስ ጠፋ፤ ጀልባዎች ተሰባበሩ፤ ለብዙ መቶ ዓመት የቆሙ ዛፎች ተነቀሉ። ከቻፓላ በፊት እንዲህ ያለ ኀይል በሶቆጥራ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1922 ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በግንቦት 2010፣ መኩኑ የሚባለው ደግሞ በአጠገቧ አልፎ የኦማንን ሰላላ መታ።

«ታዲያ ይህ የአየር ንብረት ለውጥ ነውን?» ለሚለኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። ዐውሎ ነፋስ ምግቡ የሞቀ ባሕር ነው። የዓረብ ባሕር ውኃው ቢሞቅም፣ በሞንሱን ወራት የላይኛው ነፋስና የታችኛው ነፋስ ልዩ ልዩ መንገድ እየሄዱ ጅምሩን ዐውሎ ስለሚበጣጥሱት፣ ከዓረብ በረሓ የሚመጣውም ደረቅ አየር ስለሚያጠወልገው፣ ዐውሎው የሚነሣው ከሞንሱኑ በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ነበር፤ ብርቱውም ጥቂት ነበር። ነገር ግን የምዕራቡ የህንድ ውቅያኖስ፣ ይልቁንም በእኛ የክረምት ወራት፣ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ 1.2 ዲግሪ ያህል ሞቋል፤ አየሩም በእያንዳንዱ ዲግሪ መሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል። በሌላ ወገን፣ ሁለቱ ዐውሎዎች በመጡበት ዓመት ኤል ኒኞ በርትቶ ስለ ነበረና የምዕራቡ ውቅያኖስ ከምሥራቁ ይልቅ በራሱ ዑደት ሞቆ ስለ ነበረ፣ የተፈጥሮም ድርሻ አለበት፤ ሳተላይት ከመኖሩ በፊት በባሕር መካከል ተነሥቶ በባሕር የቀረውንም ዐውሎ ሁሉ የቈጠረው የለም። ስለዚህ የአየር ንብረት ሊቃውንቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ታላቅ መግለጫ፣ የዐውሎ ነፋሳት ጠቅላላ ቍጥር ጨምሯል ለማለት አልደፈሩም፤ ከመካከላቸው የብርቱዎቹ ድርሻ ግን ባለፉት አርባ ዓመታት ከፍ ሳይል እንዳልቀረ መሰከሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናትም በዓረብ ባሕር ከሞንሱን በኋላ የሚነሡት እጅግ ብርቱ ዐውሎዎች የመከሠታቸውን ዕድል የሰው ሥራ እንዳበዛው አሳየ። ዐውሎውን የሰው እጅ አልፈጠረውም፤ ጕልበት ግን ጨመረለት።

እዚህ ላይ ሶቆጥራን ትቼ ወደ አጎቴ አገር ወደ ቆቦ መሄድ ግድ ሆነብኝ፤ ይህ ነገር በተነሣ ቍጥር ደሜ የሚፈላው በዚያ ምክንያት ነውና ታገሡኝ። ያ መኩኑ የተባለው ነፋስና በጥቅምት 2011 የተከተለው ሉባን ዝናማቸውን በሩብ አል-ኻሊ፣ ሰው በማይኖርበት በታላቁ የዓረብ በረሓ አወረዱት። ውኃው በአሸዋ ኮረብቶች መካከል ሐይቅ ሆኖ ተኛ፤ አሸዋው ለመለመ፤ አንበጣውም ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን ወረደ፤ የመን በጦርነት ላይ ስለ ነበረች እንደሚገባ የሚከላከለው አላገኘም፤ ባሕሩንም ተሻግሮ ወደ እኛ ገባ። በ2012 ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን ወደ ድሬዳዋ የሚበር አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ መስተዋቱን ሸፍኖበት ማረፍ ስላልቻለ አዲስ አበባ መጥቶ እንዳረፈ ታስታውሳላችሁ።

በጥቅምት 2013 አጎቴ ዘንድ ነበርሁ። ማሽላው ወተት ቋጥሮ ሊጠና የተቃረበበት ጊዜ ነው። መንደሩ ሁሉ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጨርቅ እያውለበለበ ዋለ፤ መንጋው ከአንዱ ማሳ ሲነሣ በሌላው ያርፋል እንጂ አገር ለቆ አይሄድም። ሲመሽ ጩኸታችን ዝግ ባለ ጊዜ የማኘኩን ድምፅ ሰማሁት፤ በሺህ የሚቈጠር አፍ አንድ ጊዜ ሲያኝክ የሚሰማውን ያን የደረቀ ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። ሲነጋ ከቅጠሉ የቀረው የመካከሉ ጅማት ብቻ ነበር፤ የማሽላው ራስ ተቦርቡሮ አገዳው እንደ ቆመ ቀረ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጉዳት መዝጋቢ መጣ። ከመኪናው አልወረደም። በመስኮቱ አሻግሮ አይቶ «አባባ፣ ማሽላዎ ቆሟል እኮ» አለ። አጎቴም «ልጄ፣ የቆመው አገዳው ነው፤ ራሱን ፈልገህ ካገኘህልኝ ግማሹ ለአንተ ይሁን» አሉት። በዙሪያው የነበረው ሰው በዚያ ኀዘን መካከል ሳቀ፤ ልጁ ግን አልሳቀም። በቅጹ ላይ «የጉዳት መጠን፦ ከፊል፤ የጉዳት መንስኤ፦ ተፈጥሮ» ብሎ ጽፎ አስፈረማቸው፤ እርሳቸውም ማንበብ ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ከጎናቸው ቆሜ ያነበብሁት እኔ ነበርሁ። በ«ከፊል» ምክንያት የተሰጣቸው እህል እስከ ጥምቀት እንኳ አላደረሳቸውም።

የኔታ ሆይ፣ ይህን ሲያነቡልዎ ይስሙኝ። ነፋስን የሚያዝ እግዚአብሔር መሆኑን አልክድም፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ነገር ግን ባለጠጎች አገሮች ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ያጨሱት ጭስ ባሕሩን አሙቆ ለነፋሱ ጕልበት ሲጨምር፣ እኛ በቅጹ ላይ «ተፈጥሮ» ወይም «መቅሠፍት» ብለን ከጻፍን ባለዕዳው ይሰወራል፤ ዕዳውም ከጥና በቀር ባላጨሱት፣ በእርስዎና በአጎቴ፣ በሶቆጥራም ዓሣ አጥማጆች ላይ ይወድቃል። ለወንድሜ ለመሐንዲሱም የምለው አለኝ፤ ሁሉን በአየር ንብረት ለውጥ ብቻ ካሳበብን ቅርብ ያለው ጥፋተኛ ደግሞ ያመልጣል። በሶቆጥራ የቆሙት ዛፎች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው፤ ወጣት ዛፍ የለም ለማለት ጥቂት ይቀራል፤ ችግኙን ገና ከመሬት ብቅ ሲል ፍየል ይበላዋልና። ፍየሉን በአጥር መከልከል፣ የአንበጣውን እንቍላል በጊዜ ፈልጎ ማጥፋት፣ የእነዚህ ሁሉ ጕድለት ከሰማይ የወረደ አይደለም።

በኅዳር 2016 መንግሥታት ዱባይ ላይ ተሰብስበው፣ በአየር ንብረት ለውጥ ለሚደርስ ጥፋትና ጉዳት የሚከፍል ፈንድ ሥራ እንዲጀምር ተስማምተዋል። መልካም ነው። ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ ቅጽ ይመጣል፤ ቅጹንም የሚሞላ ሰው ይላካል። የሚላከው ሰው ከመኪናው ይውረድ፤ ወደ ማሳው ይግባና የማሽላውን ራስ በእጁ ይዳብስ።