ዜሮ ቀረጥ

የፖሊስተር ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ በመደበኛው ታሪፍ 32 ከመቶ ይቀረጣል። ጥጥ ከሆነ 16.5 ከመቶ ነው። ለሌላው ሰው ደረቅ ቁጥር ይሆናል፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል። ለኢትዮጵያ ያ ቁጥር ሃያ ዓመት ሙሉ ዜሮ ነበር።

ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የጥብቅና ድርጅት የዓለም አቀፍ ንግድ ተንታኝ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቆቹ የሚከራከሩበትን ቁጥር የማወጣላቸው እኔ ነኝ። አስመጪ ይመጣና «ይህን ልብስ የት አገር ላሰፋው?» ይላል። የታሪፉን መጽሐፍ እከፍታለሁ፤ ጨርቁ ሹራብ ነው ወይስ ሽምን፣ ጥጥ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ ክር፣ የወንድ ነው ወይስ የሴት እያልኩ መደቡን እለያለሁ። ከዚያ አገሮቹን ኤክሴል ላይ እደረድራለሁ፤ የስፌቱ ዋጋ፣ የመርከቡ ኪራይ፣ በመጨረሻም ቀረጡ። 5 ዶላር በሚያወጣ የፖሊስተር ቲሸርት ላይ ቀረጡ ብቻ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። በዚህ ንግድ ሰዎች በአምስት ሳንቲም ተጣልተው ይለያያሉ። እኛ 1 ዶላር ከ60 በነጻ ተሰጥቶን ነበር።

ፕሬዚዳንት ክሊንተን ግንቦት 1992 ዓ.ም. የፈረሙት፣ ለአፍሪካ አገሮች ብዙ ምርት ቀረጥ የሚያነሣው አጎዋ የሚባለው ሕግ ማለቴ ነው። ቸርነቱ ደግሞ እስከምን ድረስ መሰላችሁ፤ እንደኛ ላሉ ድሃ አገሮች ጨርቁ ከቻይና መጥቶ እንኳ ቢሆን፣ ስፌቱ አገር ውስጥ እስከሆነ ድረስ ቀረጥ አልነበረበትም። መርፌና ክር የያዘ እጅ ብቻ ነበር የተጠየቅነው።

ሌሶቶ ይህንን ወዲያው ገባት። ሁለት ሚሊዮን ሰው ገደማ ያላት፣ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ትንሽ አገር ናት። ሕጉ በወጣ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የምትልከው ልብስ በዓመት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። እኛ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ልብሱም ጫማውም ሌላውም ተደምሮ፣ በአጎዋ የላክነው ወደ 240 ሚሊዮን ዶላር ቢጠጋ ነው። «ወደብ ስለሌለን እኮ ነው» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ሌሶቶን ካርታ ላይ ፈልግ እለዋለሁ።

ከጥቂት ፋብሪካዎች በቀር በሩን የምር ማንኳኳት የጀመርነው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በከንቱ ካለፈ በኋላ! የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ራሱ ገብቶ ፋብሪካ ከፈተ። ደመወዙ አሳፋሪ ነበር፤ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም. መነሻው በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈዋል። ቢሆንም ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ማሽን ላይ ተቀምጠው እጃቸው እየፈጠነ ነበር፤ ደመወዝም የሚያድገው እጅ ሲፈጥን ነው።

ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ባይደን የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ምክንያት አድርገው ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ለኮንግረሱ አሳወቁ። ፒቪኤች በኅዳር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ታኅሣሥ 23 ውሳኔው ጸና። ልመናውም ቁጣውም የደራው ያኔ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ውሳኔው ፍትሐዊ ነበር አልነበረም በሚለው ብዙ ተብሏል። ለእኔ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ባልተኮሰችው ጥይት መቀጣቷ ያመኛል፤ የተገደለውና የተፈናቀለው ሰው ደግሞ ከማንም ቲሸርት ይበልጣል። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን ሌላ ነው፤ ነገሩ ድንገተኛ አልነበረም። ማዳጋስካር ከመፈንቅለ መንግሥቷ በኋላ በ2002 ዓ.ም. ከዚሁ ሕግ ወጥታ፣ ፋብሪካዎቿ ተዘግተው፣ የተመለሰችው ሰኔ 2006 ላይ ነው። እኛ ሐዋሳን ስንመርቅ ይህ ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ታዲያ ያን ሁሉ ሼድ ስንገነባ፣ «ይህ ዜሮ አንድ ቀን 32 ቢሆንስ?» ብሎ ሌላ ገበያ ያዘጋጀ፣ አዋሽና መተማ የሚበቅለውን ጥጥ አገር ውስጥ ፈትሎና ሸምኖ ወጪውን ለመቀነስ ከልቡ የተጋ ማን ነበር?

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ የማገኛቸው አንድ ጋሼ አሉ። «ተወው፣ ይቅርብን! የአሜሪካ ዱላ ነው» ይሉኛል። ዱላነቱን አልክድም። «ጋሼ፣ ዱላ መሆኑንማ ሕጉ ራሱ ይናገራል» እላቸዋለሁ። «ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ አገሮቹን ይመረምራል፣ መስፈርቱን ያላሟላውን ያስወጣል ይላል። ሰብዓዊ መብትም አንዱ መስፈርት ነው። ከ1992 ጀምሮ ማንም ሰው የሚያነበው ሕግ ነው።»

«እና እነዚያ ባለሥልጣኖች አላነበቡትም ነው የምትለኝ?»

«አንብበውት ከሆነማ ጋሼ፣ ይባስ ነው የሚያናድደኝ።»