ፍሬዛ በምድር ቤት

በሰሜን አሜሪካ ቬርሞንት በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ በኮኔቲከት ወንዝ ምዕራባዊ ዳር ዊንድዘር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከወንዙ ማዶ የሚመጣ መንገደኛ ወደ ከተማይቱ የሚገባው በ1866 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) በተሠራ፥ ርዝመቱ 137 ሜትር በሆነ፥ ጣራና ግድግዳ ባለው የእንጨት ድልድይ ነው። ከውጭ ሲያዩት ረጅም ጎተራ ይመስላል። ብዙው አገር ጎብኚ ድልድዩን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። እናንተ ግን ጥቂት ወደ ውስጥ ዝለቁ፤ በ1846 የተሠራ የሸክላ ጡብ ሕንፃ ታገኛላችሁ።

ይህ ሕንፃ ሮቢንስና ሎረንስ የተባሉት ሰዎች ጠመንጃ ያሠሩበት የነበረ ፋብሪካ ነው። በዚያ ዘመን የጠመንጃ ዕቃ በአብዛኛው በሞረድ እየተሞረደ ለየራሱ ጠመንጃ ይበጅ ስለ ነበር፥ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይገጥምም ነበር። የዊንድዘር ሰዎች ግን ብረቱን በመኪና እየፋቁ አንዱን ከሌላው ጋር እኩል አድርገው ማውጣት ቻሉ። በ1851 በሎንዶን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ጠመንጃዎቻቸውን አሳዩ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ኋላ ለኤንፊልድ የጠመንጃ ፋብሪካው መኪናዎችን ከነሱ ገዛ።

ብረት ከሚፍቁት መኪናዎች አንዱ በኛ አገር ባለሙያዎች ከጣሊያንኛ ወስደው ፍሬዛ የሚሉት ነው። በቶርኖ ላይ ብረቱ ይዞራል፥ ስለቱ ይቆማል። በፍሬዛ ደግሞ ስለቱ ይዞራል፤ ብረቱ በሞርሳ ታስሮ ከነጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ ይሄዳል።

አሮጌው ፋብሪካ ዛሬ የመኪናዎች ቤተ መዘክር ነው። በውስጡ ካሉት ሁሉ በበኩሌ የማስበልጠው ብሪጅፖርት የሚባለውን ፍሬዛ፥ ያውም ተራ ቁጥር 1 የተጻፈበትን ነው። ፈልሳፊው ከስዊድን የመጣው ሩዶልፍ ባኖው ሲሆን፥ ከአገሩ ልጅ ከማግነስ ዋልስትሮም ጋር በኮኔቲከት ክፍለ ሀገር በብሪጅፖርት ከተማ ይሠራ ነበር። አሳቡ በ1936 መጣለት፥ የመጀመሪያው መኪና በ1938 ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ከሦስት መቶ ሺህ ይበልጣሉ።

በዚያው ሸለቆ ከነበሩት የመኪና ፋብሪካዎች አብዛኞቹ በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ተዘግተዋል። ፋብሪካ ሲዘጋ ሠራተኛው ይበተናል፤ ፍሬዛው ግን በሐራጅ ተሸጦ ወደ አንድ ሰው ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ይገባል። የአንድ ትውልድ እንጀራ የነበረ መኪና በልብስ ማጠቢያውና በአሮጌ ብስክሌቶች መካከል ቆሞ ማየት እንግዳ ነገር ነው።

እንግዲህ ከእናንተ አንዱ በዚያ አገር ለትምህርት ወይም ለሥራ ቆይቶ፥ የጥቂት ወር ደመወዙን አጠራቅሞ አሮጌ ፍሬዛ ሊገዛ ቢነሣ፥ አዲስ ቀለም አያታልለው። ቀለም ርካሽ ነው። ይልቅ የጠረጴዛውን መዘውር ወደ አንድ ወገን አዙሮ ከዚያ ይመልሰው፤ ጠረጴዛው ሳይነቃነቅ መዘውሩ ብቻውን ብዙ ከሄደ የጠረጴዛው ጥርስ ተበልቷል። ደግሞም ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይግፋው። ሥራ የሚበዛው መካከሉ ላይ ስለሆነ ቀድሞ የሚበላው መካከሉ ነው፤ በመካከል ልል፥ በጫፎቹ ጥብቅ ከሆነ ዋጋውን ያስቀንስ። በቡሎን ማጥበቅ ይቻላል ቢሉት፥ መካከሉን ሲያጠብቅ ጫፎቹ እንደሚያንቁ ይወቅ።

ከሁሉ የሚከፋው ማጓጓዙ ነው። የብሪጅፖርት ክብደት አንድ ቶን ያህላል፥ ከባዱም ክፍል ከላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ጠረጴዛው እስከ መጨረሻው ዝቅ ይላል፤ ሞተር የተሸከመው ራስም ተዘቅዝቆ ይታሰራል። ከዚያ በብረት ቱቦዎች ላይ ቀስ እያለ ይንከባለላል። ደረጃ ካለ ተፈታቶ በየክፍሉ ይውረድ። መኪናው ቢያዘነብል ራቁ፤ ልያዘው ብሎ እጁን የሚዘረጋ ሰው ከሥሩ ይቀራል።

ቦታው ሲደርስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የፋብሪካ ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ ነው፥ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ኮሬንቲ ግን እዚያም እንደኛው ባብዛኛው ባለ አንድ ፌዝ ነው። ስለዚህ አንዱን ፌዝ ሦስት አድርጎ የሚያወጣ መሣሪያ ይገዛል። ይህን የሚቀጥለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን፤ የመሬቱ ሽቦ መርገጫ ከሌለው የብረት ገላው ሁሉ ይነዝራል።

ኮንክሪቱ ላይ ከቆመ በኋላ በውሃ ልክ ይስተካከላል። የቆየ ዘይት ደርቆ መንገዱን ስለሚደፍን የዘይት ቱቦዎቹ ይጸዳሉ። ቀጥሎ ትዕግሥት የሚፈትነው ሥራ አለ፦ ስለት በሚታሰርበት ላይ ጥቃቅን ልዩነት የሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ ይታሰርና፥ በእጅ እየዞረ የጠረጴዛውን ገጽ በግራና በቀኝ፥ በፊትና በኋላ ይነካል። መርፌዋ በየቦታው ልዩነት ካሳየች ራሱ ዘምሟልና፥ ቡሎኖቹ ላላ ተደርገው በጥቂቱ እየተገፋ ይቃናል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ደግሞ ያ የተቃናው ትንሽ ይሸሻል፥ እንደገና ይሞከራል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚህ ቢያልቅ አትደነቁ።

የመጀመሪያው ቁራጭ አልሙኒዩም ይሁን፥ ለስላሳ ነውና። ጓንት አይደረግ፤ የሚዞር ስለት ጓንቱን ከነጣቱ ይጠቀልላል። ብረቱ ከስለቱ አዟዟር በተቃራኒ ይገፋ፤ ጥርሱ በተበላ መኪና ላይ ወደ አዟዟሩ ቢገፉት ስለቱ ጠረጴዛውን በድንገት ጎትቶ ይሰበራል። በትክክል ከተያዘ ፍቅፋቂው እንደ ጥምዝ ላባ እየተጠቀለለ ይወድቃል፥ ከሥሩም ፊት የሚያሳይ ገጽ ይወጣል።